ፓኤዝ ነው ወይስ ፓይስ?

በዚህ እትም ስለ አንድ የውጭ ሰው ስም ልነግራችሁ ነው። የሰው አገር ስም ምን ያደርግልናል እንዳትሉ፤ ኋላ ወደ ራሳችን ስም እንመጣለን።

ከእኛ ወረዳ ቆላ በታች የሚፈሰውን ዓባይን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምንጩ ጎጃም ውስጥ፣ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከአውሮፓ መጥቶ አይቶት የጻፈው ግን አንድ የካቶሊክ ቄስ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1618፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ይህ ሰው በአንዱ መጽሐፍ ፔድሮ ፓኤዝ፣ በሌላው ፔሮ ፓይስ፣ በሌላው ደግሞ ፓኤስ ተብሎ ይገኛል። ታዲያ ሦስት ሰዎች ናቸው እንዴ? አይደሉም፣ አንድ ሰው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1564 የተወለደው ስፔን ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ግን በፖርቹጋሎች በኩል ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍም በፖርቹጋልኛ ነው የጻፈው። ስፔኖች ስሙን በ‹ዝ› ጨርሰው ፓኤዝ ብለው ይጽፋሉ። ፖርቹጋሎች በ‹ስ› ጨርሰው ፓይስ ይላሉ። ፓኤስ ደግሞ የፖርቹጋልኛው የድሮ አጻጻፍ ነው። ፔድሮም ሆነ ፔሮ እኛ ጴጥሮስ የምንለው ስም ነው።

ስሙ ምን ማለት ነው? መጨረሻው ላይ ያለው ‹ኤዝ› ወይም ‹ኤስ› «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። ስለዚህ ፓኤዝ የፓዮ ልጅ ነው። ኳስ የምትወዱ ይህን ቶሎ ትረዱታላችሁ። የፖርቹጋሉ ብሩኖ ፈርናንዴስ በ‹ስ›፣ የአርጀንቲናው ኤንዞ ፈርናንዴዝ በ‹ዝ› ይጻፋሉ። ሁለቱም «የፈርናንዶ ልጅ» ነው። ዘመድ ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ ፈርናንዶ የሚባል አባት ብዙ ነበራ!

ድሮ እነሱም እንደኛ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። በኋላ ግን ስሙ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። እኛ አሁንም በአባትና በአያት ስም እንጠራለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ተመልከቱ። በ‹ፀ› ወይም በ‹ጸ›፣ ቀጥሎ በ‹ሀ›፣ በ‹ሐ› ወይም በ‹ኀ› ብንጽፈው 6 ዓይነት ይሆናል፤ ስንጠራው ግን አንድ ነው። በግእዝ እነዚህ ፊደላት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ድምፁ አንድ ሆነና ፊደሎቹ ብቻ ቀሩ። ለውጥ የለውም ግን አይባልም። «ዓባይ» ታላቅ ማለት ነው፤ «አባይ» ግን ውሸታም ማለት ነው። ወንዛችንን በ‹አ› ስትጽፉ አስቡበት!

በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መሐመድ የሚለውን ስም አንዱ በ‹ኦ›፣ አንዱ በ‹ዩ› ይጽፈዋል፤ አንዱ ‹ኤም›ን ይደግመዋል፣ አንዱ ይተወዋል። የሰፈራችን አንድ ልጅ ስሙ በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት ዓይነት ተጽፎ ነበር። ሁለቱም እሱ መሆኑን ለማስረዳት አባቱ በአጨዳ ወቅት ሥራ ፈትተው ሦስት ቀን ተመላለሱ። የተለያየው አንድ ፊደል ብቻ ነው እኮ!

እኛ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እንፈተናለን። ለፈተናው ስንመዘገብ የተጻፈው ስም የምስክር ወረቀታችን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከአሁኑ ሦስት ነገር እናድርግ፦

1. የልደት ወረቀት ያለን ስማችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ እንይ።
2. በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ አጻጻፍ ይዘን ደብተራችን ላይ እንጻፈው።
3. ሁልጊዜ በእሱ ብቻ እንጻፍ፤ መዝጋቢው ሲጽፍም አይተን ካልተስማማ ያኔውኑ እንናገር።

ፓኤዝ ከሞተ 400 ዓመት አልፎታል። ስሙ በሦስት ዓይነት ቢጻፍ ፎርም የሚመልስበት የለም። እኛ ግን ገና ብዙ ፎርም እንሞላለን።