ከነካርቶኑ የማይገኝ ጌም

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ሐይቅ ከተማን መሃል ለመሃል ያቋርጥና ወደ አምባሰል ዘልቆ ውጫሌን ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር ካሉ ከተሞች በአንዱ ጌም ቤት ብትገቡ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ቀለሙ የተላጠ ጆይስቲክ፣ አግዳሚ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች ታገኛላችሁ። የጌም ሳጥን ግን አታገኙም። ዲስኮቹ ዚፕ ባለው ጥቁር የሲዲ ቦርሳ ውስጥ ገጽ በገጽ ተሰክተዋል፤ አለዚያም ጌሙ በሙሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለተጫነ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ባለቤቱ ዕቃውን ሊሸጥ ሲነሳ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው "ከነካርቶኑ ነው?" ብሎ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ "ካርቶኑ እንኳ የለም" ነው።

ጥያቄው የመጣው ከስልክ ገበያ ነው። ያገለገለ ስልክ ስንገዛ ካርቶኑን የምንፈልገው በላዩ የታተመው መለያ ቁጥር ስልኩ ውስጥ ካለው ጋር መግጠሙን ለማየት ነው። ካርቶኑ ከሌለ "የተሰረቀ ይሆን?" ብለን እንጠረጥራለን። ለፕሌይስቴሽኑ ለራሱም ይህ ጥንቃቄ ያስኬዳል፤ ማሽኑም ካርቶኑም ተመሳሳይ ተከታታይ ቁጥር አላቸው። ዲስኩ ላይ ስንደርስ ግን ጥርጣሬው ያሳስተናል። የአንድ ጌም ዲስክ ከሳጥኑ ጋር የሚመሳከር የብቻው ቁጥር የለውም፤ በአንድ እትም የወጡት ሁሉ መንታ ናቸው። ስለዚህ ሳጥን የሌለው ዲስክ የሌባ ዕቃ ነው፣ ወይም ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሳጥኑ የሚጠፋበት ምክንያት ሌላ ነው።

መጀመሪያ ሳጥኑ ለማን እንደሚሠራ እንይ። የፕሌይስቴሽን 2 ሳጥን ቁመቱ 19 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ያለው ዲስክ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ክብደቱም 15 ግራም አካባቢ ነው። በአንድ ሳጥን ውፍረት ልክ አሥር ዲስክ ተነባብሮ ይገባል ማለት ነው። ልክ ይህንኑ የሚያህል የሙዚቃ ሲዲ በጣም ባነሰ ሳጥን ውስጥ ሲሸጥ ኖሯል። የጌሙ ሳጥን የገዘፈው ዲስኩ ቦታ ጠቦት አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ሥዕሉ ደንበኛ እንዲጠራ ነው። ሳጥኑ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ለሻጩ ነው። ዕቃው በተሸጠበት ሰዓት ያ ሥራ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ቦታ የሚይዝ ፕላስቲክ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ዕቃው ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ሳጥኑን ይጥላል። ወሎ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር የላከ አገር ነው። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤሩት፣ ከዱባይ የሚመጣ ሻንጣ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ይባላል፣ እያንዳንዷ ኪሎ ደግሞ ባለቤት አላት። ለእናት ልብስ አለ፣ ለአባት ጫማ አለ፣ ለጎረቤት የታዘዘ ስልክ አለ፣ ለትንሹ ወንድም ጌም አለ። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ሲያልፍ የመጀመሪያው ተጣይ ካርቶን ነው። ሌላም ምክንያት አለ። እሽግ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ለንግድ የመጣ ስለሚመስል ብዙ መንገደኛ ቀድሞ ይፈታዋል፤ ከካርቶኑ አውጥቶ በልብስ ይጠቀልለዋል። እንዲህ ሆኖ የገባ ፕሌይስቴሽን አዲስ ቢሆን እንኳ ሲያዩት ያገለገለ ይመስላል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰውማ ስለ ካርቶን የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን አብዛኛው በእጃችን ያለፈ ጌም ከመነሻውም ሳጥን ያልነበረው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ውስጡ ቺፕ ሲገባለት ባዶ ዲቪዲ ላይ የተቀዳ ጌም ያነባል። ቅጂው የሚሸጠው በስስ ፕላስቲክ ኪስ ሆኖ፣ ስሙ በማርከር ተጽፎበት ወይም ደብዛዛ ወረቀት ተለጥፎበት ነው። ብዙ ልጅ ዊኒንግ ኢለቨንን እና ፊፋን ያወቃቸው በዚህ መልክ ነው። ቀጥሎ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ መጡ፤ ጌሙ ፋይል ሆኖ ከቤት ቤት ዞረ። ለእንዲህ ያለው ጌም ካርቶን መጠየቅ ከጓደኛ ለተቀዳ ካሴት ፖስተር እንደ መጠየቅ ነው፤ የጠፋ ነገር የለም፣ ያልተሠራ እንጂ።

በሌላው ዓለም ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ጌሙ ከነሳጥኑ ተገዝቶ ነው ሳጥኑ የጠፋው። የኔንቴንዶ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ጌሞች እንደ ካሴት የሚሰኩ ነበሩ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጡትም በስስ ካርቶን ነበር። ጌሙ ራሱ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ መሬት ላይ ቢወድቅም ምንም አይሆንም፤ ልጁም ካርቶኑን ቀዶ ያወጣውና እናት ቤት ስትጠርግ ካርቶኑ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል። ሴጋ ደግሞ ለሜጋ ድራይቭ ማሽኑ ብዙዎቹን ጌሞች በሚከፈትና በሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ሸጠ። ዛሬ ያገለገለ ጌም የሚሰበስቡ ሰዎች የሴጋን ሳጥን በቀላሉ ያገኛሉ፣ የኔንቴንዶን ካርቶን ግን በጭንቅ። የልጆቹ ጠባይ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከዕቃው ነው። ደጋግሞ ተከፍቶ የሚዘጋ ሳጥን ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል፣ አንዴ ተቀድዶ የሚከፈት ደግሞ ይጣላል።

የሚጣለው ብዙ ስለሆነ የተረፈው ጥቂቱ ዋጋው ሰማይ ይነካል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አሜሪካ ውስጥ እሽጉ ያልተፈታ አንድ ሱፐር ማሪዮ 64 በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያው ጌም ያለ ካርቶን ሲሸጥ ማንም ደመወዝተኛ የሚገዛው ዋጋ ነው። ገንዘቡ የተከፈለው ለጌሙ አይደለም፤ ላልተከፈተው ካርቶን ነው።

ሱቆችም ሳጥንና ዕቃ ያለያያሉ። ቪዲዮ ቤት የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ሽፋኖቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ካሴቱ ከባንኮኒው ኋላ እንደሚቀመጥ አይረሳውም። ደንበኛ ሥዕል አይቶ ይመርጣል፣ የሚከራየው ግን ካሴቱን ብቻ ነው። ሽፋኑ አብሮ ቢወጣ በሳምንቱ እንደማይመለስ ባለቤቱ ያውቃል። ቤቱ ሲዘጋ ካሴቱ በአንድ ወገን፣ ፀሐይ ያነጣው ሽፋን በሌላ ወገን ይቀራል። ጌም የሚያከራዩ የውጭ አገር ሱቆችም ዲስኩን በራሳቸው ሳጥን አድርገው ያወጡ ነበርና ከእነሱ የተሸጠ ዲስክ የመጀመሪያ ልብሱን ይዞ አይገኝም።

ሳጥን የግድ የሚጠፋ ነገር አለመሆኑን ለማየት ከሐይቅ ከተማ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ሐይቁ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ይህንን ወንጌል በቁጥር 1832 መዝግቦታል። በአገራችን ልማድ የብራና መጽሐፍ ማኅደር አለው። ማኅደር ከቆዳ የተሰፋ፣ ክዳን ያለው፣ በጠፍር የሚንጠለጠል ቤት ነው። መጽሐፉ በማኅደሩ ሆኖ በትከሻ ይዞራል፣ ከግድግዳ ችካል ላይ ይሰቀላል፣ ከአቧራና ከጭስ ይጠበቃል። መጽሐፉን ለመሸጥ የተሠራ አይደለም፤ የሚሸከመውን ሰው ያገለግላል። ስለዚህ ሲያልቅ አይጣልም፣ ይጠገናል፤ መጠገን ካልቻለም ሌላ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ማኅደሩ ከመጽሐፉ በዕድሜ ያንሳል። ቆዳው ቀድሞ ያልቃል፣ ብራናው ይቆያል፣ ተማሪው አዲስ ማኅደር ይሰፋለታል። የጌም ሳጥን ያላገኘው ይህንን ነው፤ ሲሰበር የሚተካው ሰው።

ሳጥኑ ሲጠፋ አብሮት የሚሄደው ጽሑፍ ነው፣ እኔን የሚቆጨኝም እሱ ነው። ካሴቶቻችንን አስቡ። የአምባሰልን ቅኝት በማሪቱ ለገሰ ድምፅ ያልሰማ የለም፤ በአምባሰል ስም የተጠራ ሙዚቃ ቤትም አዲስ አበባ ውስጥ ካሴት ሲያሳትም ኖሯል። የግጥሙና የዜማው ባለቤት፣ ያቀናበረው፣ ያጀበው ባንድ፣ የታተመበት ዓመት የሚጻፉት ግን በሳጥኑ ውስጥ በምትታጠፈው ወረቀት ላይ ነበር። የካሴት ሳጥን ማጠፊያው ቶሎ ይሰበራል፤ የመኪና ሾፌርም መሪ ይዞ ሳጥን የሚከፍትበት ጊዜ የለውም። ወረቀቷ ስትጠፋ ድምፁ ቀረ፣ የደከሙት ሰዎች ስም ግን ጠፋ።

በጌም ላይ የሚጠፋው ጽሑፍ ለወላጅ የሚያስፈልገው ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጌም ሳጥን ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ይታተማል፤ ጌሙ ከስንት ዓመት በላይ ላለ ልጅ እንደሚሆን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ሳጥኑ ላይ 18 የሚል ጽሑፍ አለው፤ መግደልና መዝረፍ የሞላበት ስለሆነ ነው። በማርከር "ጂቲኤ" ተብሎ የተጻፈበት ቅጂ ይህንን አይናገርም። ልጇ የዘጠኝ ዓመት የሆነ እናት ዲስኩን አገላብጣ ብታየው የምታነበው ነገር የለም። ጌም ቤት ያላችሁ ወንድሞች የዕድሜውን ቁጥር በዚያው ማርከር ከስሙ አጠገብ ብትጽፉት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ያገለገለ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ ሳጥኑን ትታችሁ ዲስኩን አንብቡ። በዋናው የፕሌይስቴሽን 1 እና 2 ዲስክ ፊት ላይ በትንሹ የታተመ የፊደልና የቁጥር መለያ አለ። በላቲን ፊደል "ኤስ ኤል ኢ ኤስ" ብሎ የሚጀምር የአውሮፓ እትም ነው፤ "ኤስ ኤል ዩ ኤስ" የሚል የአሜሪካ ነው። ቺፕ ያልገባበት ማሽን የራሱን አካባቢ እትም ብቻ ስለሚያነብ ይህ መለያ ዋጋ አለው። ከዚያ ገልብጡት። የፕሌይስቴሽን 1 ዋና ዲስክ ሆዱ ጥቁር ነው። የፕሌይስቴሽን 2 አብዛኛው ብርማ ነው፤ በሲዲ የወጡት ጥቂቶቹ ግን ሰማያዊ ናቸውና ሰማያዊ ስላያችሁ ብቻ ቅጂ ነው አትበሉ። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም ያለው ዲቪዲ ግን ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው።

ጭረትም እንደ ዲስኩ ዓይነት ይለያያል። በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከሥዕሉ ሥር ስለሆነ የሚያስፈራው የላይኛው ገጽ ጭረት ነው፤ ወደ ብርሃን አንስታችሁ ስታዩት እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ተዉት። በዲቪዲ ላይ መረጃው በሁለት ሽፋኖች መካከል ስለሆነ የተሻለ ጥበቃ አለው። ፕሌይስቴሽን 3 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት የሚጠቀሙበት ብሉሬይ መረጃው ከሚነበበው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ፋብሪካው ጠንካራ ቅብ ቢቀባውም ቅቡን ያለፈ ጭረት ቶሎ ይጎዳዋል። ሳጥኑ ለዲስኩ የሚሠራለት እውነተኛ ሥራም እዚህ ላይ ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ጥርስ ዲስኩን ከቀዳዳው ይዛ ሆዱ ምንም እንዳይነካ ታንጠለጥለዋለች። የሲዲ ቦርሳ ይህንን አያደርግም፤ ሲያስገቡትና ሲያወጡት ኪሱ ውስጥ የገባው አሸዋ ይፍቀዋል። ቦርሳ ካልቀረ ኪሱን በየጊዜው አራግፉ፤ ዲስኩንም ስትወለውሉ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ እንጂ ዙሪያውን አታዙሩ።

ሳጥኑን ይዞ የመጣ የፕሌይስቴሽን 4 ጌም ካገኛችሁ ደግሞ ውስጡ መመሪያ የለም ብላችሁ ዋጋ አትቀንሱ። ትላልቆቹ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የወረቀት መመሪያ ማተም ትተዋል፤ ሳጥኑ ሲገዛም መመሪያ አልነበረውም። አንዳንዱ አዲስ ሳጥን እንዲያውም ዲስክ የለውም፤ ያለው ጌሙን ከኢንተርኔት የሚያወርዱበት ቁጥር የታተመበት ወረቀት ነው። ቁጥሩ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ የተሠራበትን ሳጥን ከሁለተኛ እጅ የገዛ ሰው የገዛው ሳጥኑን ብቻ ነው።