የልጆች ቋንቋና የእናቶች ሸክም

ባለፈው የመስቀል በዓል ሰሞን በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአገና በአንድ ቤት እንግዳ ነበርኩ። እንደሚታወቀው መስቀል ሲደርስ ለንግድም ሆነ ለትምህርት በየከተማው የተበተነው የጉራጌ ተወላጅ ወደ ትውልድ ቀዬው ይመለሳል። በዚህም ቤት አያት፣ በመርካቶ የምትነግደው ልጃቸውና የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ተሰብስበው ነበር። አያት በጉራግኛ ይናገራሉ፤ እናት ጉራግኛውንም አማርኛውንም ታውቃለች፤ የልጁ አማርኛ ግን ሌላ ነው።

«ማዘር፣ ችስታ ነኝ እኮ» አለ ልጁ ገና ቁርስ ሳይነሣ።

አያት ደነገጡ። «ልጁን ምን ነካው? ይህ ችስታ የሚባለው ምን ዓይነት በሽታ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ገንዘብ የለኝም ማለቱ እንደሆነ ሲነገራቸው ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናትየዋ ግን አልሳቀችም። ኋላ ጓዳ ስንገባ፣ «ከጓደኞቹ ጋር በስልክ ሲጫወት አንድም ነገር አይገባኝም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ልጄ ከማላውቀው አገር የመጣ እንግዳ እየመሰለኝ ነው» አለችኝ።

ይህ ስሞታ የእርሷ ብቻ አይደለም። ከሥራ ውለው ደክመው የሚገቡ ብዙ እናቶች ያሰሙታል። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ቋንቋ ልንቆጣው ነው ወይስ ልናዳምጠው የሚገባን?

አዲስ ነገር አይደለም

በመሠረቱ በቃላት መደባበቅ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። «አራዳ» የሚለው ስም ራሱ ከአዲስ አበባ የጥንት ገበያ የመጣ ነው። የከተማውን ኑሮ ያወቀበት ሰው «አራዳ»፣ ያላወቀበት ደግሞ «ፋራ» ተባለ። ከዚህም ሌላ አዝማሪዎችና ነጋዴዎች ውጭ ያለ ሰው የማይሰማው የየራሳቸው መግባቢያ ነበራቸው። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በማጥናት የታወቁት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለነዚህ የምሥጢር ቋንቋዎች አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚሁ ጥናት ውስጥ በጉራጌ ልጃገረዶች በማኅበር ተሰባስበው ይማሩት የነበረ የምሥጢር ቋንቋም ይገኛል። እንግዲህ የዛሬው ወጣት ይህን ቢያደርግ የቀድሞዎቹም ኮረዶች አድርገውታል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚደብቀውን ብቻ ሳይሆን የሚገልጠውንም መመልከት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ጃፓን ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች።

የጃፓን ጓዳ በቃላት ሲታይ

በጃፓን ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ መጨረሻ ሕዝቡ ያዘወተራቸው አዳዲስ ቃላት እየተመረጡ ይሸለማሉ። የነዚህን ቃላት ዝርዝር ያየ ሰው የአገሪቱን ጓዳ ገብቶ እንደጎበኘ ይቆጠራል።

ጃፓኖች በኢንተርኔት ሲቀልዱ ሳቅን «ሣር» ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው። መሳቅ በቋንቋቸው «ዋራው» ነው። ወጣቶቹ ቃሉን አሳጥረው በላቲን ፊደል የመጀመሪያዋን «ደብልዩ» ብቻ ይጽፋሉ። ሳቁ ሲበዛ ፊደሏም ትደጋገማለች፤ ስትደጋገም የበቀለ ሣር ትመስላለች። ስለዚህ ዛሬ የሚያስቅ ነገር ያየ ወጣት «ኩሳ» ማለትም «ሣር» ብሎ ያልፋል።

በሌላ በኩል «አየሩን ማንበብ የማይችል» የሚል ስድብ አላቸው። ሰዎች በአፋቸው ያልተናገሩትን ከፊታቸው መረዳት ለተሳነው ሰው የሚሰጥ ስም ነው። ከዚህ የምንረዳው በጃፓን ቅሬታን ፊት ለፊት መናገር እንደ ነውር የሚታይ መሆኑን ነው። ይሉኝታን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ፊት ለፊት የማይነገር ነገር ደግሞ በቀልድ ይወጣል። የእኛ አባቶችና እናቶች በሰምና ወርቅ እንዳወጡት ማለት ነው።

የጃፓን ሴቶች በቀልድ ካወጡት አንዱ «ኑሬ ኦቺባ» ይባላል። ትርጉሙ «እርጥብ የረገፈ ቅጠል» ነው። እርጥብ ቅጠል ከመጥረጊያ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ጡረታ ወጥቶ ከቤት የዋለና ምንም ሳይረዳ ሚስቱን በሄደችበት የሚከተል ባል ይህ ስም ወጣለት። በ1989 ከዓመቱ ተሸላሚ ቃላት መካከል ነበር። በ2010 ደግሞ «ኢኩሜን» የሚለው መጣ፤ «መልከ መልካም ወንድ» ከሚለው ቃል ጋር አጫውተው ልጁን ለሚያሳድግ አባት የሰጡት ማሞገሻ ነው። ከዚያም «ዋን ኦፔ» ተከተለ። ይህ ቃል በመጀመሪያ ሌሊት ምግብ ቤትን በአንድ ሠራተኛ ብቻ ማንቀሳቀስ የሚጠራበት ነበር፤ እናቶች ወስደው ለራሳቸው አደረጉት። አንዲት ሴት ያለ ረዳት ብቻዋን ልጅ ማሳደጓና ቤት መያዟ «ዋን ኦፔ» ተባለ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደንቀው በ2016 የሆነው ነው። አንዲት እናት ልጇን የሚቀበል የሕፃናት መዋያ አጥታ ሥራዋን ልትለቅ በመገደዷ፣ ስሟን ሳትገልጽ በኢንተርኔት ላይ መንግሥትንና አገሯን በጎዳና ልጆች አነጋገር ሰደበች። ጉዳዩ በፓርላማ ሲነሣ ጸሐፊዋ ስለማትታወቅ ማረጋገጥ አይቻልም የሚል መልስ ተሰጠ። በዚህ ጊዜ እናቶች «መዋያ ያጣሁት እኔ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይዘው በፓርላማው ደጃፍ ቆሙ፤ ከ27 ሺህ በላይ ፊርማም አሰባስበው ለሚኒስትሩ ሰጡ። በ2017 መዋያ የሚጠባበቁት ሕፃናት ቁጥር 26 ሺህ ያህል ነበር፤ በ2024 ከ3 ሺህ በታች ወርዷል። የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር መቀነሱ አንዱ ምክንያት ቢሆንም መዋያዎች መስፋፋታቸውም የማይካድ ነው።

ስም ያልወጣለት ሥራ

ወደ አገናው ቤት እንመለስ። የልጁን ቋንቋ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ገንዘብ ላጣ ሰው ስም አለው፤ ላረጀ ሰው «ሼባ» አለ፤ ለነቃ ሰው «ነቄ» አለ። ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ለምትቆም ሴት ግን በሰማሁት ሁሉ አንድም ቃል አላገኘሁም።

ሥራው ግን አለ። ሰንጋውን ገዝቶ ማረድ የወንዶች ነው። እንሰቱን ፍቆ፣ ጉድጓድ ቀብሮ ለወራት አብላልቶ፣ ቆጮውን አውጥቶ ጨምቆና ጋግሮ ለማዕድ ማድረስ የሴቶች ነው። የክትፎው ቅቤም በአንድ ቀን አይገኝም፤ ሴቶች በቅቤ ዕቁብ ጭምር ሲያጠራቅሙት ይከርማሉ። እንግዳው «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሲበላ ይህን ሁሉ የሠራች እናት ከምድጃው አጠገብ ናት። በከተማም የቢሮና የፋብሪካ ሠራተኛዋ እናት ማታ የሚጠብቃት ሁለተኛው ፈረቃ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስም የሌለው ሸክም ለመነጋገሪያ አይመችም። የጃፓን እናቶች ያደረጉት ትልቅ ነገር ቢኖር ለሸክማቸው ስም ማውጣታቸው ነው።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችን በማናውቀው ቃል ሲናገሩ ከመቆጣታችን በፊት «ምን ማለት ነው?» ብለን እንጠይቅ። የእኛንም ቃላት እናስተምራቸው። በቤታችን ውስጥ በቀልድ የተነገረ ምሬት ሲኖርም ስቀን ብቻ አንለፈው። ሊነገር ቦታ ያጣ እውነት ይሆናልና።

የዚያን ዕለት ማታ እንግዶች ተሸኝተው የሚታጠበው ዕቃ ተከምሮ ነበር። ልጁ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። አያት ከምድጃው አጠገብ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና በጉራግኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ከመካከሉ አንዲት ቃል ብቻ ገባችኝ፤ «ችስታ» የምትለዋ።

እናትየዋ እየሳቀች ተረጎመችልኝ። «እኔም ችስታ ነኝ፤ ጉልበቴ አልቋል» ማለታቸው ነበር።

ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎም አያቱን ቀና ብሎ አያቸው። ስልኩን ኪሱ ከተተና «አዶት፣ ቁጭ በይ» ብሎ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ውኃው ወጣ። እናትየዋም በዚያን ጊዜ ሳቀች።