መነኮሳቱ ከዓለም ሸሽተው ነበር? የሚባለውና የሆነው

«ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያነሣው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነው። ጻድቁ በ1270 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዙፋኑን ከዛጉዌ አስለቅቀው ለይኩኖ አምላክ ሰጡ፤ በውለታውም ለቤተ ክህነት የመንግሥቱን ሲሶ ተቀበሉ ይባላል።

ነገሩ ከዘመኑ ጋር አይገጥምም። በ1270 ገዳማቸው ደብረ ሊባኖስ ገና አልተተከለም። ተክለ ሃይማኖት በደብረ አስቦ ዋሻ ማኅበራቸውን የሰበሰቡት በ1280ዎቹ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መነኮሳትም በእጃቸው ቆፍረው የሚበሉ ድሆች ነበሩ። የአገር ሲሶ የያዘ ሰው እንዲህ አይኖርም። ይኩኖ አምላክን ረዱ የሚባሉት በሌላ ትውፊት የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ እሱም ቢሆን የገድል ወሬ ነው። የሲሶው ታሪክ የተስፋፋው ደብረ አስቦ ከገነነ በኋላ ሲሆን፣ ደብረ ሊባኖስ የሚለውን ስም ያወጣለትም በ1445 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው።

«መነኩሴ ዓለምን ጥሎ የሸሸ ነው፤ ለአገር ምን ፈየደ?» የሚልም አይጠፋም። መልሱ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ላይ አለ። ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ተምረው፣ በ1248 ገደማ ሐይቅ ገብተው ማኅበር መሠረቱ። እጃቸው ለጽሕፈት የተመሰከረለት ነበር። ብራና ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለም፤ የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በመቃ ብዕር መስመር በመስመር ይጻፍበታል። በ1280 እና 1281 መካከል የተጻፈው የሐይቁ ወንጌል ከነኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ዛሬም አለ፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ሰፍሮበታል። ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ በየአገሩ ገዳም የተከሉ መነኮሳት የወጡት ከዚህ ትምህርት ቤት ነው። የሐይቅ አበ ምኔትም ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ ከንጉሡ አጠገብ የሚቀመጥ ባለሥልጣን ሆነ። ሽሽት ይሉታል እንዲህ ነው!

ከሁሉ የሚከፋው ግን «መነኩሴና ንጉሥ ሁልጊዜ አንድ አፍ ነበሩ» የሚለው ነው። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) የአባቱን ሚስት አገባ ተብሎ ሲወራ ዝም ያሉት መኳንንቱ እንጂ መነኮሳቱ አልነበሩም። አባ አኖሬዎስ ፊት ለፊት ገሠጹት፤ ንጉሡም አስገረፋቸው። በኋላ የተጻፈ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው በዚያው ዕለት የንጉሡ ከተማ ተቃጠለ። መነኮሳቱ «ከግርፋቱ የፈሰሰው ደም እሳት ሆነ» አሉ፤ የቤተ መንግሥት ሰዎች ደግሞ «እሳቱን የለኮሱት መነኮሳቱ ናቸው» አሉ። የቱ እውነት ይሁን የቱ፣ ተከትሎ የመጣው ግዞት ነው። የደብረ አስቦው አበ ምኔት አቡነ ፊልጶስም አብረው ተሰደዱ። የሚገርመው የቅጣቱ ፍሬ ነው፤ ግዞተኞቹ በሄዱበት ሁሉ አስተማሩ፣ አዳዲስ ገዳማትም ተተከሉ። ንጉሡ አፋቸውን ሊዘጋ ብሎ ሰባኪ አደረጋቸው።

ምንኩስና የወንድ ብቻ ነበር የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ደብረ ዳሞ ሴት አያስገባም፣ እውነት ነው። ነገር ግን በደብረ አስቦ በመጀመሪያ ዘመን መነኮሳይያት ከማኅበሩ ጋር ይኖሩ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የልጆች እናት የሆነችው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ቤቷን ትታ መንኩሳ፣ በጣና ዳር በጓንጉት ገዳም ተከለች።

የመነኮሳቱን ጉልበት ማየት የሚፈልግ የአባ ኤዎስጣቴዎስን የመንፈስ ልጆች ይመልከት። «ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር» በማለታቸው ተወገዙ፣ ወደ ጠረፍ ተገፉ። መምህራቸው በ1352 በአርመን አገር ሞቱ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን ደብረ ቢዘንን ጨምሮ ገዳማትን እያበዙ ሄዱ። ዐፄ ዳዊት በ1400 ገደማ መሪያቸውን የደብረ ቢዘኑን አባ ፊልጶስን ቢያስርም በ1404 ፈታቸው። በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ ቅዳሜ እንድትከበር አስወሰነ። መቶ ዓመት የተገፋው የጠረፍ መነኩሴ ትምህርት የመንግሥት ሕግ ሆነ፤ ዛሬም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜ እህል ሳይቀምሱ አይዋልባትም።