የአበርዲን ወደብ ሬሳዎችና የቢሊ ጎል ክስ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዋሽንግተን ስቴት፣ ግሬይስ ሃርበር በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር አበርዲን የምትባል ከተማ አለች። ከመቶ ዓመት በፊት «የጠፉ ሰዎች ወደብ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላት ነበር። ስሙም የወጣላት በከንቱ አይደለም፤ ከወንዟና ከወሽመጧ በየጊዜው የሰው ሬሳ ተንሳፎ ይገኝ ነበርና። የከተማው ሰው እነዚህን ሙታን «ተንሳፋፊዎቹ» ይላቸው ነበር። ቁጥራቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ40 በላይ እንደ ደረሰ ይነገራል። ገዳያቸው ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ ከተማዋ በ1910 አንድ መልስ አገኘች። መልሱም ቢሊ ጎል የሚባል የመርከበኞች ማኅበር ወኪል ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ መልስ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

በመጀመሪያ ከተማዋን እንወቃት። አበርዲን የግንድ ከተማ ነበረች። ዙሪያዋን ከከበባት ጫካ የተቆረጠው ግንድ በወንዝ እየተንሳፈፈ ወደ መሰንጠቂያዎቹ ይወርዳል፤ ሳንቃ ሆኖም በሸራ መርከብ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ሌላም አገር ይጫናል። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት በጠፋች ጊዜ ከተማዋን መልሶ ለመሥራት የሚፈለገው እንጨት ገበያውን ይበልጥ አደራው። በ1900 ወደ 3,700 የነበረው የአበርዲን ሕዝብ በ1910 ከ13,000 በላይ ሆነ። ከዚህም ሕዝብ ብዙው ቤተሰብ የሌለው ወንድ ነበር፤ ከጫካ የወረደ ግንድ ቆራጭ፣ ወይም ደመወዙን ተቀብሎ ከመርከብ የወረደ መርከበኛ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚቀበሉት በወንዙ ዳር የተደረደሩት መሸታ ቤቶች፣ ቁማር ቤቶችና ሴተኛ አዳሪዎች ናቸው። መንገዱና የመርከብ ማራገፊያው በእንጨት ምሰሶ ላይ የተረበረበ ሳንቃ ሲሆን፣ ዝናብ የማይለየው አገር ስለሆነ ሳንቃው ያንሸራትታል። ሌሊቱ ጨለማ፣ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ሰውየው የሰከረ ቢሆን ምን እንደሚደርስ ለመገመት መርማሪ መሆን አያሻም።

ዊልያም ጎል በ1873 በጀርመን አገር የተወለደ፣ በባሕር ሥራ ያደገ ጉልበተኛ ሰው ነበር። በአበርዲን የፓስፊክ መርከበኞች ማኅበር ወኪል ሆኖ በተሾመ ጊዜ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለመርከበኛው ሁሉ ነገር ነበር። ደብዳቤው የሚደርሰው እዚያ ነው፤ ሥራ የሚያገኘውም እዚያ ነው። መርከበኛ ሰጥሞ ሲገኝ ደግሞ ማንነቱን ለይቶ ለማስቀበር የሚጠራው የማኅበሩ ወኪል ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። ከሬሳዎቹ አጠገብ ሁልጊዜ ጎል መታየቱ በኋላ እንደ ማስረጃ ተቆጥሮበታልና።

ጎል የዋህ ሰው ነበር ልንል አንችልም። በ1906 መርከበኞቹ አድማ በመቱ ጊዜ መሣሪያ የያዙ ሰዎችን አስከትሎ ከአድማው ውጭ በሆኑ ሠራተኞች ልትንቀሳቀስ የነበረችውን ፊርለስ የተባለች መርከብ ተጋፍጧል። ተኩስም ተተኩሷል፤ ጎልም ተከስሶ ተቀጥቷል። ስለ ራሱ ጀግንነትና ስለ ጭካኔው በየመሸታ ቤቱ ማውራት ይወድ እንደነበረ ይነገራል። እንዲህ ያለ ምላስ ለባለቤቱ ጠላት ነው። የመሰንጠቂያና የመርከብ ባለንብረቶች ግን ይጠሉት የነበረው ስለ ጉራው ሳይሆን በየጊዜው ሥራ ስለሚያስቆምባቸው ነበር።

በ1910 መጀመሪያ ቻርልስ ሃትበርግ የተባለ ሰው ሬሳ ከመልሕቅ ጋር ታስሮ ከውሃ ውስጥ ተገኘ። ይህ እንግዲህ ሰክሮ የወደቀ ሰው አይደለም። ጎል ተያዘ። ከዚያም ጆን ክሊንገንበርግ የተባለ መርከበኛ በመርከብ እስከ ሜክሲኮ ከሄደበት ተመልሶ መጣና ቃሉን ሰጠ። ቃሉም ባጭሩ፣ ሃትበርግንና ሆፍማን የተባለ ሌላ ሰው በጀልባ እንደ ወሰዷቸው፣ ሆፍማንን ጎል እንደ ገደለው፣ ሃትበርግን ግን ጎል አስገድዶት እሱ ራሱ እንደ ተኮሰበት ነው። በግንቦት 1910 በሞንቴሳኖ በተሰየመው ችሎት ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆች ጎል በሃትበርግ ግድያ ጥፋተኛ ነው አሉ። የዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንቁጠር። ፍርዱ የተሰጠው በአንድ ሰው ሞት ነው። ዋናው ምስክር ደግሞ በገዛ ቃሉ ቃታውን የሳበ ግብረ አበር ነው። እንዲህ ያለ ምስክር ሸክሙን ወደ ሌላው ለማዛወር ምክንያት አለው፤ ይሁን እንጂ ምክንያት አለው ማለት ዋሸ ማለት አይደለም፤ ጎል በዚህ ግድያ እጁ ሊኖርበት ይችላል። እኛን የሚያስደንቀን ግን ከአንዱ ወደ አርባው የተደረገው ዝላይ ነው። ጋዜጦቹ ፍርድ ሳይሰጥ ተንሳፋፊዎቹን በሙሉ ለጎል አስረከቡት። ከዚያ በኋላ ወሬው እያደገ ሄዶ መቶና ከዚያም በላይ ገደለ ተባለ። በጽሕፈት ቤቱ ወለል ላይ ሬሳ ወደ ወንዝ የሚጣልበት ድብቅ መክፈቻ ነበረ የሚልም ተረት ተጨመረበት። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሆነ፤ በግንድ ከተማ ደግሞ ምሳር አይጠፋም።

አሮን ጎይንግስ የተባለ የታሪክ ምሁር በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ የጊዜውን ሰነዶች እንደገና ሲመረምር ወደ ሌላ መደምደሚያ ደርሷል። እሱ እንደሚለው ከተንሳፋፊዎቹ ብዙዎቹን የገደላቸው ሥራውና ወደቡ ነው። ከመርከብ ጫፍ የወደቀ፣ ግንድ የመታው፣ በጨለማ ከሳንቃው ያንሸራተተው፣ ራሱንም ያጠፋ ይገኝባቸዋል። ማራገፊያው አጥር እንዲኖረውና መብራት እንዲበራ ማድረግ ገንዘብ ያስወጣል፤ አንድ ክፉ ገዳይ ካለ ግን ወጪው የገመድና የእስር ቤት ብቻ ነው። በተጨማሪም ጎል ከተወገደ ማኅበሩ መሪውን ያጣል። በ1912 የመሰንጠቂያ ሠራተኞች አድማ ሲመቱ የከተማው ባለሀብቶች ሰዎች አስታጥቀው አድመኞቹን እያስደበደቡ ከከተማ ማስወጣታቸውን ስናይ፣ በ1910 ለጎል ክስ ያ ሁሉ ትጋት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አይቸግረንም።

ጎል መጀመሪያ ወደ ዋላ ዋላ እስር ቤት ተላከ፤ በኋላም አእምሮው ታውኳል ተብሎ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዛወረና በ1927 እዚያው ሞተ። በአበርዲን ከተማ ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ምግብና መጠጥ ቤት በቢሊ ስም ተከፍቷል። በአርባዎቹ ተንሳፋፊዎች ሞት ግን እሱም ሆነ ሌላ ሰው ተፈርዶበት አያውቅም።