ያልተቆረጡ ኩፖኖች፦ የጥንት የአክሲዮን ወረቀት እንደ ታሪክ ምንጭ

በውጭው ዓለም የጥንት የአክሲዮን ወረቀት የሚሰበስቡ ሰዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኔቫዳ ውስጥ የብር ማዕድን ያወጡ የነበሩ ኩባንያዎችን ሰነድ አጥብቀው ይሻሉ። ለእኛ የሚቀርበን ግን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በሰጡት ፈቃድ መነሻነት አልፍሬድ ኢልግና ሌዎን ሼፍኔ በ1896 ያቋቋሙት የምድር ባቡር ኩባንያ ወረቀት ነው (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የ500 ፍራንኩ አክሲዮን በፈረንሳይኛ የታተመ ሲሆን ባለቤትነቱ የያዘው ሰው ነው፤ የባለድርሻው ስም አይጻፍበትም። ከወረቀቱ ጋር የተያያዙት ትንንሽ ኩፖኖች እየተቆረጡ የትርፍ ድርሻ ይከፈልባቸዋል። ሰብሳቢው ኩፖኑ ያልተነካውን ይመርጣል፤ ያምራልና። የታሪክ ተማሪ ግን «ለምን ሳይቆረጥ ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ስም የለሽነቱም ቀላል ነገር አልነበረም። አክሲዮኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ገቡበት፤ በ1902 ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት በድጎማ ስም እጁን አስገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ለንግድ የፈቀዱት ሥራ የሉዓላዊነት ጥያቄ ሆኖ አረፈው። ሐዲዱ በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ፤ ኩባንያው ከስሮ በ1908 በሌላ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ስታገኙ፣ በመስታወት አስገብታችሁ ከመስቀላችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጡ፤ ማኅተሙንና የቀሩትን ኩፖኖች ቁጥር መዝግቡ።