ቁንጭርን ሕዋስ በሕዋስ ማንበብ

ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ ለሚሄድ ሰው ቦሩ ሜዳ ሩቅ አይደለም። እዚያ ያለው ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌና የቆዳ ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል። የደቡብ ወሎ ገበሬ ፊቱ ላይ አልድን ያለ ቁስል ሲወጣበት ብዙ ጊዜ የሚላከው ወደዚያ ነው። ቁስሉን አገሬው ቁንጭር ይለዋል። የሚያመጣው ሊሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ እንደ አምባሰል ያለ ገደላማ አገር የሚመቸው ሽኮኮ ይሸከመዋል። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው ደግሞ ሲመሽ የምትነክሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። በኢትዮጵያ በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው እንደሚያዝ ይገመታል።

የበሽታው እንቆቅልሽ በሰው በሰው መለያየቱ ነው። አንዱ ጉንጩ ላይ አንዲት ቁስል ትወጣበትና ከወራት በኋላ ጠባሳ ትታለት ትድናለች። ሌላው አፍንጫውና ከንፈሩ ያብጣል። ሦስተኛዋን ደግሞ እብጠቱ ሳይቆስል ፊቷን፣ እጅና እግሯን ያዳርሳታል፤ እያንዳንዱ እብጠት በተሕዋሱ የተሞላ ሆኖ ሳለ ሰውነቷ ጠላት የገባበት አይመስልም። ይህ ሦስተኛው ዓይነት በ1960 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ ተዘግቧል፤ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ሐኪሙ አንቶኒ ብራይስሰን በሰፊው አጥንቶታል። ሲያዩት ከሥጋ ደዌ ጋር ያምታታል። ታዲያ ልዩነቱ ከተሕዋሱ ነው ወይስ ከታማሚው ሰውነት?

ለዚህ ጥያቄ የድሮው የላቦራቶሪ ዘዴ ደካማ ነበር። ከቁስሉ ተቆንጥሮ የተወሰደው ሥጋ ተፈጭቶ በጅምላ ሲለካ የሚገኘው አማካይ ብቻ ነው። ግማሾቹ ሕዋሳት አንድን ጂን በኃይል እያሠሩት ሌሎቹ ጨርሶ ቢዘጉት፣ ልኬቱ «መካከለኛ» ይላል። መካከለኛ የሆነ ሕዋስ ግን በቁስሉ ውስጥ አንድም የለም።

እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው የሚያነበው መሣሪያ ልቡ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ግልጽ ቺፕ ነው፤ በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች ተቀርጸውበታል። በአንዱ ቦይ በኢንዛይም የተነጣጠሉት ሕዋሳት በፈሳሽ ተንሳፍፈው ይመጣሉ፣ በሌላው ጥቃቅን ዶቃዎች፣ ከጎን ደግሞ ዘይት። ሦስቱ በሚገናኙበት ቦታ ዘይቱ ውኃውን እየቆራረጠ በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ጠብታዎች ያወጣል። የአንዷ ጠብታ መጠን አንድ ናኖሊትር ገደማ፣ ማለትም የሊትር ቢሊዮንኛ ነው። ሕዋሳቱ ሆን ተብሎ ሳስተው ስለሚላኩ አብዛኛው ጠብታ ያለ ሕዋስ ያልፋል። ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ሕዋሳት አንድ ጠብታ ውስጥ ከገቡ የማን ምን እንደሆነ መለየት ስለማይቻል ባዶው ይሻላል።

ብልሃቱ ያለው ዶቃው ላይ ነው። ዶቃው በአጫጭር የዲኤንኤ ክሮች ተሸፍኗል፤ የአንድ ዶቃ ክሮች ሁሉ አንድ ዓይነት መለያ አላቸው፣ የሌላው ዶቃ መለያ ግን ሌላ ነው። በ2015 ከሃርቫርድ በወጣው ድሮፕሴክ በተባለው ዘዴ መለያው 12 ፊደል ነበረው። የዲኤንኤ ፊደላት አራት ብቻ ቢሆኑም በ12 ቦታ ሲደረደሩ ከ16 ሚሊዮን በላይ መለያ ይወጣቸዋል። ሕዋሱ ጠብታዋ ውስጥ ይፈነዳል፤ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ የነበሩት ጂኖች ያወጡት መልእክተኛ አርኤንኤ ዶቃው ላይ ይያያዛል። ከዚያ ጠብታዎቹ ይፈርሳሉ፣ አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፣ ሁሉም በአንድ ይደባለቃል። ከዚህ በኋላ መደባለቁ አያሠጋም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የመጣበትን ሕዋስ መለያ ይዟል። ማንበቢያው ማሽን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁራጮችን ያነባል፣ ኮምፒውተሩ በመለያቸው ይመድባቸዋል። የድሮፕሴክ ሠሪዎች በዚህ መንገድ 44,808 የአይጥ ሬቲና ሕዋሳትን አንብበው በ39 ወገን ለይተዋል። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2009፣ የአንድን ሕዋስ አርኤንኤ ማንበብ ራሱን የቻለ ትልቅ ዜና ነበር።

ለቁንጭር ይህ ዘዴ የተሠራለት ያህል ይስማማዋል። ተሕዋሱ የሚደበቀው ጀርም በላተኛ በሆነው ሕዋስ፣ በማክሮፌጅ ሆድ ውስጥ ነው። ማክሮፌጁ ከነደባሉ በአንድ ጠብታ ሲያዝ፣ የሁለቱም አርኤንኤ አንድ መለያ ይዞ ይወጣል። የትኛው ማክሮፌጅ ጠላቱን እንደሚገድል፣ የትኛው እንደሚቀልብ በዚያ ይታያል። በሥጋ ደዌ ላይ መንገዱ ተከፍቷል፦ በ2021 የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ቡድን የሕሙማንን ቆዳ ሕዋስ በሕዋስ አንብቦ፣ ሰውነት በሚታገልበት ቁስል ውስጥ ባክቴሪያ ገዳይ ጂኖችን የሚያሠሩ ሕዋሳት በሥርዓት ተደርድረው አግኝቷል። የተሕዋሱንም ወገን ብናይ፣ የአንትወርፕ ሐሩራማ ሕክምና ተቋም ሰዎች ካላዛር የተባለውን በሽታ የሚያመጣውን ሊሽማኒያ ሕዋስ በሕዋስ ሲያነቡ፣ ከአንድ ዘር የተባዙት እንኳ በክሮሞዞም ቁጥር እርስ በርስ እንደሚለያዩ አይተዋል።

ይህ መሣሪያ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም። የእኛ ቁስል በእኛ አገር ካልተጠና ማንም ቸኩሎ አያጠናልንም። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ሕዋስ ከሰውነት ከወጣ በሰዓታት ውስጥ መሠራት አለበት፣ መብራት ይጠፋል፣ ኬሚካሉ ውድ ነው። ሆኖም በ2017 የወጣው ሴክዌል የተባለ ዘዴ ፓምፕም ጠብታም አይፈልግም፤ 86,000 ያህል ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሰሌዳ ላይ ሕዋሳቱ በራሳቸው ክብደት ይሰፍራሉ። ከአርኤንኤው የተገለበጠው ዲኤንኤ በረዶ ላይ ሆኖ እስከ አዲስ አበባ መሄድ ይችላል፤ በኮሮና ጊዜ የቫይረሱ ጂኖም እዚያ ተነቧል።

እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ናሙና የምወስደው መድኃኒት ከማይሰማቸው ሰዎች ነው። ለወራት በስቲቦግሉኮኔት መርፌ ወይም በሚልቴፎሲን ታክመው ቁስሉ ተመልሶ የሚያብጥባቸው አሉ። ከሕክምና በፊትና በኋላ ከአንዱ ቁስል ሩዝ የምታህል ቁራጭ ቢወሰድ፣ ከመድኃኒቱ የተረፈው ተሕዋስ በየትኛው ሕዋስ ውስጥ እንደተጠለለና ያ ሕዋስ የትኞቹን ጂኖች እንደዘጋ ማየት ይቻላል።