ጀርመን ሼፐርድ፦ የሚወራለትና እውነቱ

«ጀርመን ሼፐርድ ከሆነ ማሠልጠን አያስፈልገውም፤ ጥበቃው በደሙ ነው። ግቢ አስገብተህ ብታስረው ይበቃል።» አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ የሚፈልግ ሰው ከሻጭም ከጎረቤትም የሚሰማው ምክር ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ቀሪውን የሚጠራጠር ጥቂት ነው። በዚህ የተነሳ ስንት ጥሩ ውሻ በሰንሰለት ላይ ይበላሻል።

ዝርያው መጀመሪያ የወጣው ለግቢ ጥበቃ ሳይሆን ለእረኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሆራንድ የሚባለውን ውሻ ገዛና የዝርያውን ማኅበር መሠረተ። የፈለገው አጥር በሌለው ማሳ ዳር ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ በጎቹ ሰብል ውስጥ እንዳይገቡ የሚያግድ፣ የእረኛውን ዓይን የሚከተል፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ራሱ የሚወስን እንስሳ ነበር። ፖሊስና ጦር ሠራዊት የመረጡትም ከሰው ጋር ለመሥራት ባለው ፍላጎት ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ በአጭር ሰንሰለት ብቻውን ሲያስሩት ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል፣ ጅራቱን ያኝካል። መንደሩ «ኃይለኛ ነው» ይለዋል። ውሻው ግን ተጨንቋል።

«መታሰር ያከፋዋል፤ የከፋ ውሻ ደግሞ ይጠብቃል» የሚሉም አሉ። መታሰር ማክፋቱ እውነት ነው። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት፣ ግቢ ውስጥ ታስረው የሚውሉ ውሾች የመንከስ ዕድል ከሌሎቹ 2.8 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ጀርመን ሼፐርድም በዚያ ጥናት ሰው በብዛት ከነከሱት ዝርያዎች አንዱ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ጥያቄው ማንን ይነክሳል የሚለው ነው። የተጨነቀ ውሻ ሌባ ለይቶ አይነክስም፤ አጠገቡ የደረሰውን ነው የሚይዘው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ልጅ ነው። ግቢን በደንብ የሚጠብቅ ውሻ ቤተሰቡን የሚያውቅ፣ የዘወትሩን ግርግር የለመደ፣ ስለዚህም ያልተለመደ ነገር ሲመጣ ለይቶ የሚጮኽ ነው።

ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው እምነት ግን «ቡችላውን ሰው አታለማምደው» የሚለው ነው። ገና ከእናቱ የተለየውን ቡችላ ጓሮ ዘግተውበት እንግዳ ሳያይ ያሳድጉታል። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ሜይን ግዛት ለዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ወሳኝ ጊዜ በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ያላየ ቡችላ ካደገ በኋላ ሰውን ይፈራል። ፍርሃቱ ደግሞ ሲያጉረመርምና ሲናከስ ጀግንነት ይመስላል። በእነዚያ ሳምንታት ሕፃን፣ አዛውንት፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ነጠላ የለበሰ፣ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ ማየት አለበት። እንግዳ መልመዱ ጥበቃውን አያጠፋበትም።

ታዲያ ዘር ምንም አይወስንም ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት ለዚህ የተሻለ መልስ ሰጥቷል። በአንድና በሌላ ውሻ መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ዝርያ ይበልጥ የሚታይበት ለሰው ትእዛዝ ቀና በመሆን ላይ ሲሆን፣ በቀላሉ የመቆጣትን ጠባይ በተመለከተ ግን የሚነግረን እጅግ ትንሽ ነው። እንደ እኔ እምነት ሻጩን «ዘሩ ምንድን ነው?» ከማለት «እናቱን ላያት?» ማለት ይሻላል። ሰው ሲመጣ የምትደበቅ ወይም የምትወረወር እናት ስለ ቡችላዎቿ ብዙ ትናገራለች።

ጥሬ ሥጋ ወይም በርበሬ ውሻን ያጀግናል የሚለው ከንቱ ነው። በርበሬው ሆዱን ያቃጥለዋል። ከእርድ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበት ደግሞ ከባድ አደጋ አለው፤ ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለበት ውሻው ሆድ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ትል ይራባል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ውስጥ ዓመታት የሚያድግ እብጠት ያስከትላል። ጆሮ መቁረጥም እንዲሁ መተው አለበት። የጀርመን ሼፐርድ ጆሮ ቡችላው ጥቂት ወራት ሲሞላው በራሱ ይቆማል።

ወደ ጤናው ስንመጣ «ንጹሕ ዘር ጤነኛ ነው» የሚለው እምነት ገዢን ያስከፍላል። ጀርመን ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ በትክክል ያለመግጠም ችግር ከሚበዛባቸው ዝርያዎች አንዱ ነው። ችግሩ ይወረሳል፤ አመጋገብም ያባብሰዋል። ቡችላ በቶሎ እንዲገዝፍ ማጨቅ ፍቅር ይመስላል፣ ዳሌውን ግን ይጎዳል። በ48 ላብራዶሮች ላይ በተደረገ የዕድሜ ልክ ጥናት፣ ከአቻዎቻቸው በ25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ረዝመው ኖረዋል፤ የዳሌ ሕመማቸውም ያነሰና የዘገየ ነበር። ጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ ውሻ አልከሳም።

ያረጀ ሼፐርድ የኋላ እግሩን መጎተት ሲጀምር ሁሉም «ዳሌው ነው» ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። ከ8 ዓመት በላይ በሆናቸው ላይ የሚታይ፣ አከርካሪ ውስጥ ያለውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድል ሌላ በሽታ አለ። ልዩነቱ ሕመም የሌለው መሆኑ ነው፤ ውሻው አያቃስትም፣ ጥፍሩ ግን በመሬቱ እየተፋቀ ያልቃል። የሕመም ማስታገሻ እያከታተሉ ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪም ለይቶ ይንገራችሁ።

ግቢ ጠባቂ ውሻ በብዙ ቤት በቀን አንዴ፣ ማታ፣ የቀረውን ሁሉ ሰብስቦ ይበላል። ደረቱ ጠለቅ ላለ ውሻ ይህ ልማድ ሆዱ በጋዝ ተነፍቶ የመጠምዘዝ አደጋውን ይጨምራል። ሆዱ ከተወጠረ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው «ይነጋልና እናየዋለን» ማለት አይቻልም፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሁለት ጊዜ ከፍሎ ማብላት ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ሌሎቹ ዝርያዎች ባጭሩ፦ ዶበርማን አእምሮው ከራስ ቅሉ በላይ ስለሚያድግ ባለቤቱ ላይ ይዞራል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ እውነተኛው ስጋት የልብ ጡንቻ መድከም ነው። የፒትቡል መንጋጋም አይቆለፍም። የላብራዶር ሆዳምነት ደግሞ የጠባይ ጉድለት አይደለም፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ጥጋብ ከሚያሳውቀው ዘረመል የተወሰነ ክፍል ይጎድለዋል።

ለከብት የተገዛ አይቨርሜክቲን ለውሻ እከክ መስጠት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ኮሊ ከሚባለው ዝርያና ከዘመዶቹ ግን ብዙዎቹ መድኃኒቱን ከአንጎላቸው የሚያግደው ዘረመል ጉድለት ስላለበት በጥቂቱ ሊሞቱ ይችላሉ። ጥቂት ጀርመን ሼፐርዶችም ይህ ጉድለት አለባቸው። በግምት የተቀዳ መርፌ ለማንኛውም ውሻ አይገባም።

«የሀበሻ ውሻ ክትባት አያስፈልገውም»፣ «የፈረንጅ ውሻ አያብድም» የሚሉት ሁለት ወሬዎች እኩል ሐሰት ናቸው። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ያልተከተበን ቡችላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በትውከትና በደም ተቅማጥ ይጨርሳል፤ ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው መደጋገም አለበት፣ አንድ መርፌ አይበቃም። የእብድ ውሻ በሽታም ዘር አይለይም። ውሻው ያልተከተበ ወይም የማይታወቅ ሆኖ ሰው ከነከሰ፣ ቁስሉ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ የተነከሰውም ሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ጸበሉም የባሕል መድኃኒቱም ይህን ጉዞ ሊያዘገዩት አይገባም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።